ሐር፣ ሲኒና የቻይና ገጸ በረከት

ሲኒ የሚለው ስም ከቻይና የመጣ ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን»፣ ከዚያ በመርከብ የሚመጣላቸውን ነጭና ስስ የገበታ ዕቃ ደግሞ «ሲኒ»፣ ማለትም «የቻይናው» ይሉት ነበር። ቃሉ በቀይ ባሕር ነጋዴዎች አፍ ተሻግሮ አማርኛ ገባና የቡና መጠጫዋ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የሻይም ነገር ከዚህ አይርቅም። ቻይናውያን «ቻ» የሚሉት ቅጠል በፋርስ «ቻይ»፣ በዐረብ «ሻይ» ተብሎ ነው ኢትዮጵያ የደረሰው። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ የጥበብ ሱቆች ጀርባ፣ ሻይ በብርጭቆ ቡና በሲኒ የሚቀርብባቸው ትንንሽ ቤቶች ሞልተዋል። እዚያ ተቀምጦ የሚያዝ ሰው ሳያውቀው ቻይናን በቀን ብዙ ጊዜ ይጠራታል።

ሐር፣ ሻይና ሲኒ የሚሠራበት ፖርሴሊን ለቻይና ነገሥታት የንግድ ዕቃ ብቻ አልነበሩም። ለጎረቤት ንጉሥ፣ ለሚፈራ ጠላት፣ ከሩቅ አገር ለመጣ መልእክተኛ የሚሰጡ ገጸ በረከቶችም ነበሩ። ምርጫው የታሰበበት ነው። ወርቅና ብር የትኛውም ንጉሥ ቤት ይገኛል፤ ሐር መፍተልን ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ከቻይናውያን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስጦታውን የተቀበለ ሰው የሰጪውን የእጅ ጥበብ በዓይኑ ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ልሥራው ቢል ግን አይችልም። ሲያረጅበት ፊቱን ወደ ሰጪው ከማዞር ሌላ መንገድ የለውም።

አማርኛ ለስጦታ ብዙ ስም አለው፤ ስሞቹም ማን ከማን በላይ እንደሆነ ይናገራሉ። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው እጅ መንሻ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሽልማት ነው። ገጸ በረከት ግን በክብር ለተከበረ ሰው የሚቀርብ ስለሆነ ለእኩዮችም ይስማማል። የቻይና ቤተ መንግሥትም ይህንኑ ልዩነት አጥብቆ ይጠብቅ ነበር። የውጭ አገር ሰው ያመጣው ሁሉ በመዝገቡ ላይ እጅ መንሻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሰጠው ሁሉ ሽልማት ተብሎ ይጻፋል። በ1793 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኛ ሎርድ ማካርትኒ መነጽርና ሰዓት፣ ሠረገላና የአገሩን የሸክላ ሥራ ጭኖ ወደ ቤጂንግ ሲጓዝ፣ በወንዝ ያጓጓዙት ጀልባዎች ላይ የተሰቀለው ባንዲራ እንግዳውን ግብር ይዞ የመጣ መልእክተኛ ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በምላሹ ለእንግሊዙ ንጉሥ ከጄድ ድንጋይ የተቀረጸ የመልካም ምኞት በትር ሰጠ፤ የንግድ ጥያቄውን ግን የእናንተን አገር ዕቃ አንፈልግም በሚል ደብዳቤ መለሰው። ለቻይና ሸክላ ወስዶ ማበርከት፣ ለጎጃም ማር ይዞ እንደመሄድ ያለ ድፍረት ነው።

ከስጦታዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ሐር ነው። የሐር ትል የእንጆሪ ቅጠል እየበላ ያድግና በመጨረሻ ከአፉ በሚያወጣው ፈሳሽ ራሱን ጠቅልሎ ሙሽሬ ይሠራል። ሙሽሬው በፈላ ውኃ ሲነከር ሙጫው ይላላል፤ ከዚያ ጫፉ ተፈልጎ ሳይበጠስ ይተረተራል። ከአንድ ሙሽሬ የሚወጣው ክር ብዙ ጊዜ ከ600 ሜትር ያልፋል። ብቻውን በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ስለሆነ የበርካታ ሙሽሬዎች ክር በአንድነት ይጠቀለላል። የሃን ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ድንበራቸው ያሉ ፈረሰኛ ነገዶች እንዳይወጉአቸው በየዓመቱ ብዙ ጣቃ ሐር ይልኩላቸው ነበር። ስሙ ስጦታ ነው፤ ሥራው ግን የሰላም ዋጋ መክፈል ነበር።

ሐር በዲፕሎማሲ ስም የኢትዮጵያን ደጅ ያንኳኳው በአክሱም ዘመን ነው። በ531 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ አፄ ካሌብ ላከ። ሮማውያን ሐር የሚገዙት በፋርስ ነጋዴዎች በኩል ነበርና ገንዘባቸው ለጠላታቸው ጦር መደገሻ እየሆነ ተቸገሩ። መልእክተኛው ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፤ አክሱማውያን ሐሩን ከሕንድ ወደቦች ገዝተው ለሮማውያን ይሽጡ፤ እነርሱም ያተርፋሉ፣ ሮማውያንም ከፋርስ እጅ ይወጣሉ። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደመዘገበው ካሌብ እሺ ቢሉም ነገሩ አልሆነም። የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ወደቦች ቅርብ ስለነበሩ መርከቦቹ ገና መልሕቅ ሲጥሉ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበር።

በዚያው ዘመን ከሮም ወደ አክሱም የመጣ መልእክተኛ ያየውን የአቀባበል ሥርዓት ማላላስ የተባለ ሌላ ጸሐፊ አቆይቶልናል። ንጉሡ በአራት ዝሆኖች በሚሳብ ሠረገላ ላይ ቆመዋል፤ ከወገባቸው በታች የታጠቁት በወርቅ የተሠራ በፍታ ነው፤ አንገታቸው ላይ ወርቅ፣ እጃቸው ላይ አንባር አለ። መልእክተኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሰላምታ ሲሰጥ አስነሡት፤ ደብዳቤውንም ተቀብለው የንጉሠ ነገሥቱ መልክ የታተመበትን ማኅተም ሳሙ፤ ገጸ በረከቱንም አይተው ተደነቁ። ስጦታ ምን ያህል የአደባባይ ትርኢት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። ዩስቲንያኖስ ግን በመጨረሻ ሐሩን ያገኘው በስርቆት ነው። በ552 እ.ኤ.አ. ገደማ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል በድብቅ አምጥተውለት በግዛቱ ውስጥ ማርባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሮማውያንም የራሳቸው ሐር ነበራቸው።

ከአክሱም በኋላም የቻይና ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን አላቋረጠም። በድሬዳዋና በሐረር መካከል በምትገኘው ሐርላ በተደረገ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስብርባሪ መገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። በሐርላ የኖሩት ነጋዴዎች በ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ የሠሩ፣ ከባሕር ማዶ ጋር የሚገበያዩ ሰዎች ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የቻይናው የባሕር አዛዥ ዠንግ ሄ ሐርና ፖርሴሊን የጫኑ ብዙ መርከቦች እየመራ እስከ ሞቃዲሾና ማሊንዲ ደርሷል። በየወደቡ ለገዢዎች የቻይናን ዕቃ እየሰጠ እነርሱም በተራቸው መልእክተኛና ስጦታ እንዲልኩ ይጋብዝ ነበር። በ1414 እ.ኤ.አ. በቤንጋል ገዢ በኩል ቻይና የደረሰች ቀጭኔ ሕዝቡን ጉድ አሰኝታለች። ቻይናውያን በተረት የሚያውቁት፣ ጥሩ ንጉሥ ሲነግሥ ብቻ ይታያል የሚባል እንስሳ ነበር፤ ቀጭኔዋ ያ ናት ተባለና ሥዕሏ ተሣለ። ከአፍሪካ የዱር እንስሳ፣ ከቻይና የእጅ ጥበብ፤ ልውውጡ ዘመናት አልፈውም ብዙ አልተለወጠም።

ሐር የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ምን ያህል እንደዘለቀ ለማወቅ ቋንቋውን ማየት ይበቃል። ግምጃ ማለት ከሐር የተሠራ ውድ ልብስ ነው። መንግሥት ሀብቱን የሚያኖርበት ቤት «ግምጃ ቤት» የተባለው የዚህ ጨርቅ ማስቀመጫ ስለነበረ ነው። ዛሬ ግምጃ ቤት ሲባል የሚታሰበው ብር ነው፤ በስሙ ውስጥ ግን ጨርቁ አሁንም ተጣጥፎ ተቀምጧል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ ንጉሥ ላከበረው ሰው የሐር ቀሚስ ይሸልም ነበር፤ ቀሚሱን የለበሰ ሰው ማዕረጉን መናገር አያስፈልገውም። የክርስቲያን መታወቂያ የሆነው ማተብም ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሐር ክር ነበር። ከባላባት ትከሻ እስከ ገበሬ አንገት የደረሰው ይህ ሁሉ ሐር በምፅዋና በሌሎች የባሕር በሮች በኩል የገባ ነው።

ጎንደሬዎች ግን ሐሩን እንደመጣ ለብሰው ብቻ አልተዉትም። በ18ኛው መቶ ዓመት ከቻይና በመጣ የሐር ክር የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሸምነዋል። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ ቶሮንቶ ሙዚየም ይገኛል። የለንደኑ በሦስት ረዣዥም ክፍሎች የተያያዘ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚያልፍ ነው። የተሠራው በሸማኔ ዕቃ ሳይሆን ቀዳዳ ባላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ስስ ሰሌዳዎች ነው። ክሩ በየቀዳዳው ይገባል፤ ሸማኔው ሰሌዳዎቹን እያዞረ ድሩን ያፈራርቃል፤ ሥዕሉ ከክሩ መዞር ይወጣል። በሥዕሉ ላይ ንጉሥና ንግሥት፣ ካህናትና ጋሻ የያዙ ሰዎች ተደርድረዋል። በዚህ ስልት ከተሠሩ ጨርቆች መካከል በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ እንደሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። በቻይና ክር የኢትዮጵያ ታሪክ ተሸምኗል ማለት ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላን ሲይዝ የለንደኑ መጋረጃ ከተወሰዱት ቅርሶች ጋር ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም።

ፖርሴሊን ከሐር ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ምስጢሩም ከሐር ይልቅ ከባድ ነበር። ጀበና ከተራ ሸክላ አፈር ተሠርቶ በገላጣ እሳት ይተኮሳል፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። ሲኒን ግን መስኮት ላይ ይዞ ያየ ሰው የጣቱን ጥላ በግድግዳዋ ውስጥ ያገኛል፤ በጥፍር ሲመቷትም እንደ ደወል ትጮኻለች። ልዩነቱ ከአፈሩና ከእሳቱ ነው። ቻይናውያን ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈርን ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ቀላቅለው ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይተኩሱታል። በዚያ ሙቀት ድንጋዩ እንደ መስታወት ቀልጦ አፈሩን ያጣብቀዋል። ካኦሊን የሚለው ስም ራሱ የፖርሴሊን ከተማ በምትባለው በጂንግዴዠን አጠገብ ካለ ጋኦሊንግ ከሚባል ኮረብታ የተወሰደ ነው። የሰማያዊና ነጭ ዕቃዎቹ ሰማያዊ ቀለም ግን በመጀመሪያ በአብዛኛው ከፋርስ የሚመጣ ኮባልት ነበር፤ «ንጹሕ የቻይና» የሚባለው ዕቃም የሌላ አገር እጅ አለበት። አውሮፓውያን ምስጢሩን የደረሱበት በጀርመን ሲሆን፣ በማይሰን ከተማ ፋብሪካ የተከፈተው በ1710 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሲኒ በኢትዮጵያም ሐዋሳ በሚገኘው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ተመርቷል፤ ሽሮ ሜዳ ረከቦት ላይ ከሚደረደሩት ብዙዎቹ ግን አሁንም ስማቸውን ካገኙበት አገር በኮንቴይነር የሚመጡ ናቸው።

ኢትዮጵያና የአሁኗ ቻይና በመንግሥት ደረጃ የተገናኙት ሲፈራሩ ቆይተው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በአፍሪካ ጉብኝታቸው ወቅት በጥር 1956 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተቀበሏቸው አዲስ አበባ ሳይሆን አሥመራ ነበር። አዲስ አበባ ከአሜሪካ ጋር የነበራት ወዳጅነት እንግዳውን በዋና ከተማ ለማስተናገድ አላመቸም። መደበኛ ግንኙነት የተጀመረው ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። ብዙም ሳይቆይ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቀመጫ እንድታገኝ በተሰጠው ድምፅ ኢትዮጵያ ደጋፊ ነበረች።

ቻይና መቀመጫውን ካገኘች በኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ሁለት ትልልቅ ሥራዎች አበረከተች። አንዱ ታላቁን ግንብ የሚያሳይ የግድግዳ ምንጣፍ ነው። ሌላው ከ8 የዝሆን ጥርሶች የተቀረጸ፣ ተራራና ሸለቆ የሚያቋርጥ የባቡር ሐዲድ የሚያሳይ ሥራ ነው፤ 98 ሰዎች ከሁለት ዓመት በላይ ደክመውበታል። የባቡሩን መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንኳ መለየት ይቻላል ይባላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ስጦታ የሚሰጥ የለም። ቻይና በ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የዝሆን ጥርስ ንግድን በአገሯ ከልክላለች። ኢትዮጵያም ከዚያ ቀደም ብላ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከአዳኞችና ከኮንትሮባንዲስቶች የተያዘ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ቦታው ጉለሌ የሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል ግቢ ነበር። ነገሥታት ለነገሥታት ሲልኩት የኖሩት ዕቃ በአንድ ቀን አመድ ሆነ።

የዝሆን ጥርስ ሲወጣ ቦታውን ከያዙት አንዱ ክሉዋዞኔ የሚባለው የመዳብ ሥራ ነው። ቻይናውያን «ጂንግታይ ሰማያዊ» ይሉታል፤ ከ1450 እስከ 1457 እ.ኤ.አ. የቆየው የጂንግታይ ዘመን በሰማያዊ ሥራዎቹ ስለታወቀ ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ የመዳብ ማሰሮ ይቀጠቀጣል። እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በመቆንጠጫ እየተጣመመ የአበባና የደመና ቅርፅ ይሠራበትና በማሰሮው ገላ ላይ ይለጠፋል። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በተፈጨ ባለቀለም መስታወት ይሞላል። ወደ 800 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲገባ ዱቄቱ ቀልጦ ይሰምጣል፤ ስለዚህ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይተኮሳል። በመጨረሻ በድንጋይ ተሞርዶ ሽቦው በወርቅ ይቀባል። ጥበቡ መጀመሪያ ከምዕራብ፣ በሞንጎሎች ዘመን ወደ ቻይና የገባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን የቻይና መታወቂያ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት 70ኛ ዓመት በ2015 እ.ኤ.አ. ሲከበር ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ለድርጅቱ ያበረከቱት «የሰላም ዙን» የተባለው ትልቅ ማሰሮ የዚህ ጥበብ ሥራ ነው።

ፓንዳን ብዙ ሰው የቻይና ስጦታ አድርጎ ያውቀዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ ሁለት ፓንዳዎች ዋሽንግተን ሲደርሱ አሜሪካ በምላሹ ሁለት የሰሜን ዋልታ ጎሾች ላከች። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ቻይና ፓንዳ የምትሰጠው በውሰት ነው፤ ኪራይ ይከፈልበታል።

ለሽሮ ሜዳ ሰው ከቻይና ስጦታዎች ሁሉ የሚቀርበው የናንጂንግ «የደመና ግምጃ» ሳይሆን አይቀርም። የሚሠራው ቁመቱ ከሰው በላይ በሆነ የእንጨት የሽመና ዕቃ ነው። አንዱ ሠራተኛ ከላይ ተቀምጦ የድሩን ክሮች በሥርዓት ይስባል፤ ሌላው ከታች ሆኖ የሐርና የወርቅ ማግ ያስገባል። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሠርተው የሚጨርሱት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የሱዡ ከተማ ጥልፍ ሠሪዎች ደግሞ አንዱን የሐር ክር 16 ቦታና ከዚያ በላይ ሰንጥቀው በሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት ሥዕል የሚያሳይ ጨርቅ ይጠልፋሉ። ቋጠሮው የት እንደተደበቀ ከፊትም ከኋላም አይታይም።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚሠራው ብቻውን ነው። ከጋሞ ደጋማ አገር፣ በተለይ ከዶርዜ፣ የመጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ ከሰፈሩ ብዙ ትውልድ አልፏል። ሸማኔው በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል። እስከ ጥለቱ ድረስ ሥራው ይፈጥናል። ጥለት ላይ ሲደርስ ግን ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ፣ ጥቂት ድር እያነሣ ጥቂት እየዘለለ ያስገባል። መጠኑን በወረቀት የሚጽፍ የለም፤ ቁጥሩ በራሱ ውስጥ ነው። ጥለቱን የሚያበራው የሚያብረቀርቅ ክር ቀድሞ ሐር ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። አገር ውስጥ ሐር የማምረት ሙከራም አለ፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል በሚበላ የሐር ትል ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ኢትዮጵያም በበኩሏ ስጦታ ሰጪ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ ልከው ነበር። የፈረንሳይ ሊቃውንት እንስሳው ከሚያውቋቸው የተለየ መሆኑን አዩና በ1882 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። ጠበብ ያሉ ጭረቶች ያሉት ይህ የሜዳ አህያ እስከ ዛሬ የግሬቪ ሜዳ አህያ ይባላል። ስጦታው በተቀባዩ ስም ተጠርቶ የሰጪው ስም ቀረ፤ ትንሽ ያስቆጫል። ዛሬ ለእንግዳ የሚደረበው ካባ፣ ለመሪ የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ጥበብ ቀሚስና ነጠላ የሚሸመነው ግን እንደ ሽሮ ሜዳ ባሉ የሸማኔ ሰፈሮች ነው።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ቻይና ለአዲስ አበባ የሰጠቻቸው ነገሮች በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት 200 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ የቻይና ስጦታ ነው፤ ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ተሠርቷል። አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ያገኘችውን ድል ያስታውሳል። ከእነዚህ በፊት፣ በደርግ ዘመን፣ ከወረታ ወልድያ የሚወስደውን ተራራ ሰንጣቂ መንገድ ቻይናውያን መሐንዲሶች ሠርተዋል። የዚያ አገር ሰው ከሐርም ከፖርሴሊንም ይልቅ ቻይናን የሚያስታውሰው በጋይንት ጥምዝምዞች ነው።

ጉለሌ የደረሰው የቅርቡ ስጦታ ደግሞ ከምድር የወጣ ነው። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 የተባለችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ወጣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነው። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ በሚገኘው የሕዋ ምርምር ማዕከል ነበር። ከሐሩ ጋር ሲነጻጸር አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሐርን ምስጢር ቻይናውያን አፍነው ይዘውት ነበር፤ በሳተላይቷ ሥራ ግን ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አብረው ሠርተዋል፤ የመቆጣጠሩም ሥራ በእንጦጦ በእነርሱ እጅ ሆነ። ስጦታ ከነአሠራሩ ሲሰጥ ዋጋው የሚለካው በሚያብለጨልጨው ክፍል አይደለም።

ከእንጦጦ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግራና ቀኙ በጥበብ ልብስ ይሞላል። እዚያ የሚሸጠው ሁሉ ታዲያ ከሸማኔው ጉድጓድ አልወጣም። የአበሻ ቀሚስ ጥለት በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከቻይና በጣቃ ይገባል። ዋጋው ከእጅ ሥራው በብዙ ያነሰ ነው፤ ከሩቅ ሲታይም ያምራል። ሸማኔዎቹ በዚህ ያማርራሉ፤ ገበያቸውን የሚሻማው ስጦታ ያልሆነ የቻይና ዕቃ ነው። ለውጭ እንግዳም ሆነ ለራሱ የሽመና ሥራ መግዛት የሚፈልግ ሰው ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት አለበት። የታተመው ጨርቅ ጀርባው የደበዘዘና ልሙጥ ነው። በእጅ የተሸመነው ጀርባ ላይ ግን ከአንዱ ጌጥ ወደ ሌላው የሚዘልለው ክር፣ አንዳንዴም የሸማኔው ቋጠሮ ይታያል።